ለሌላ መንገድ የተሠራ ብርሃን፤ የመኪና የፊት መብራት ታሪክና የቀን መብራት ጉዳይ

እንፍራንዝ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በማክሰኝትና በአዲስ ዘመን መካከል የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ መሆኗ ለአንባብያን የተሰወረ አይደለም። በአቅራቢያዋ ከፍ ብሎ የሚታየው የጉዛራ ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት የነገሡት የዐፄ ሠርፀ ድንግል ሥራ እንደ ሆነ ይነገራል። ጎንደር ከመቆርቆሯም በፊት ነገሥታቱ በዚያ አውራጃ ይከርሙ ነበር። በ1692 ዓ.ም. በዚያ ያለፈው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ፣ እንፍራንዝ በስፋት ከጎንደር ብታንስም በአቀማመጧ እንደምትበልጥ ጽፏል። በዚያን ዘመን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መንገደኛ ማደሪያውን ይፈልጋል እንጂ ጉዞውን አይቀጥልም ነበር።

ዛሬ በዚያው ስፍራ ጨለማውን ሰንጥቆ የሚያልፈው ከባድ መኪና ነው። አስፋልቱ ከተማዋን መካከል ለመካከል ይቆርጣታል፤ የእግረኛው፣ የከብቱ፣ የጭነት አህያውና የባጃጁ መንገድም ያው አንዱ አስፋልት ነው። የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ መኪና የፊት መብራት እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ አሳቤ ወደዚህ መንገድ መሄዱ ያለ ምክንያት አይደለም። በእንፍራንዝ የሚያልፍ መኪና የተሸከመው ብርሃን፣ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ እስካሁን ድረስ፣ ለሌላ አገር መንገድ ታስቦ የተሠራ ነው። ያንን ብርሃን ከዚህ መንገድ ጋር ማስማማት በፋብሪካው ሳይሆን በእኛ ሙያ ትከሻ ላይ የወደቀ ሥራ ሆኖ ኖሯል። የሚከተለው ታሪክ የዚሁ ማስማማት ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያመጣውም ቢድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። በዚያን ጊዜ በዓለም የነበሩት መኪኖች መብራት በዘይት ወይም በካርባይድ ጋዝ የሚነድ ፋኖስ ነበር። በካርባይዱ ድንጋይ ላይ ውኃ ጠብ ጠብ ሲል አሴቲሊን የተባለው ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙም በቱቦ ሄዶ በጎድጓዳ መስተዋት ፊት ሲነድ ነጭና ደማቅ ነበልባል ይሰጣል። በየብየዳ ቤታችን ብረት የምናጋጥምበት ጋዝ ይኸው ስለ ሆነ ነገሩ ለባልደረቦቼ እንግዳ አይሆንም። ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ ነፋስና ዝናብ ያጠፉታል፤ ሾፌሩም ከፊቱ ሌላ መኪና ሲመጣ ብርሃኑን ዝቅ የሚያደርግበት ዘዴ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1912 የካዲላክ ፋብሪካ ሞተሩ በኤሌክትሪክ የሚነሣና መብራቱም በዲናሞና በባትሪ የሚበራ መኪና አወጣ። ከዚያ ወዲህ ካርባይድ ቀስ በቀስ ከመኪና ላይ ወረደ። በ1920ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የጀርመኑ ኦስራም በአንድ አምፖል ውስጥ ሁለት ክር ያለው መብራት ሠራ፤ አንደኛው ክር ለሩቅ፣ ሁለተኛው ለቅርብ የሚያበራ ነው። ሕዝባችን ይህን ሲያይ «ረጅም» እና «አጭር» ብሎ ስም አወጣለት። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬቻና ኮፈን ከጣልያንኛ ሲወረሱ፣ ረጅምና አጭር ግን የራሳችን ቃላት ሆነው ቀሩ። በበኩሌ ስያሜው ሥራውን በትክክል የሚገልጽ ይመስለኛል።

ከጎንደር በስተ ደቡብ ያለው አገር ከካሚዮን ጋር በብዛት የተዋወቀው በክፉ ቀን ነበር። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በአኪሌ ስታራቼ የሚመራው የፋሺስት ጦር ጎንደር የገባው በካሚዮን ተጭኖ ነው። ወራሪው እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. በጎንደር ሲቆይ የሊማሊሞን መንገድ ሠርቶ፣ ፊያትና ላንቻ ካሚዮኖቹን አመላልሶበታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። ጣልያን በአገሩ በቀኝ የሚነዳ ሕዝብ ሆኖ ሳለ የከባድ መኪናዎቹ መሪ በቀኝ በኩል ነበረ። ምክንያቱም ሾፌሩ በተራራ መንገድ ላይ የገደሉን ጠርዝ ከራሱ በታች እንዲያይ ነው። በኋላ ዘመን አገራችን የገቡት፣ ሾፌሮች «ኤንትሬ» የሚሏቸው ፊያቶችም ይህንኑ ልማድ የያዙ ነበሩ። እንግዲህ የመንገድን ጠርዝ ማየት የሚያስጨንቀው አገር ሾፌሩን ወደ ጠርዙ አዛወረ፤ ሌላው ዓለም ግን ሾፌሩን በነበረበት ትቶ ብርሃኑን ወደ ጠርዙ አዞረ።

ብርሃኑን ማዞር ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ ጥቂት ልዘርዝር፤ ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነውና። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በአውሮፓ የተሠራ አጭር መብራት በግድግዳ ላይ ሲበራ፣ ብርሃንና ጨለማ የሚለዩበት መስመር አንድ ወጥ ሆኖ አይታይም። በተቃራኒው መኪና በኩል መስመሩ አግድም ይሄዳል፤ በመንገዱ ጠርዝ በኩል ግን 15 ዲግሪ ያህል ሽቅብ ይነሣል። ዝቅ ያለው ወገን የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ለማዳን፣ ከፍ ያለው ወገን ደግሞ በጠርዙ የሚሄደውን እግረኛ ለማሳየት ነው። በቀኝ በሚነዳ አገር ከፍታው በቀኝ፣ በግራ በሚነዳ አገር በግራ ይሆናል። ይህም የተቀረጸው በመስተዋቱና በአንጸባራቂው ሳህን ውስጥ ስለ ሆነ በብሎን ማስተካከል አይለወጥም።

ኢትዮጵያ እስከ ግንቦት 30 ቀን 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ትነዳ ነበር። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ተሻገረች። ይህ ቀን በመንገድ ታሪካችን ውስጥ ተገቢውን ስፍራ ያገኘ አይመስለኝም። ሾፌር በአንድ ሌሊት ልማዱን ሊለውጥ ይችላል፤ የመንገድ ምልክትም ይነቀልና ይተከላል። ለግራ መንገድ የተቀረጸ መብራት ግን በአዋጅ አይለወጥም። እንዲህ ያለ መብራት የተሸከመ መኪና በቀኝ በኩል ሲነዳ ሁለት ጥፋት በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ከፍ ያለው ብርሃን የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይመታል፤ እግረኛው የሚሄድበት የቀኙ ጠርዝ ደግሞ በጨለማ ይቀራል። ስዊድን ከእኛ 3 ዓመት ዘግይታ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 1967 ከግራ ወደ ቀኝ ስትሻገር፣ ከዝግጅቷ ዋና ዋናዎቹ አንዱ የመኪኖቿን የፊት መብራት መለወጥ ነበር። በመተማ በኩል የምትጎራበተን ሱዳንም እ.ኤ.አ. በ1973 ወደ ቀኝ ተሻግራለች፤ በሞያሌ በኩል ያለችው ኬንያ ግን ዛሬም በግራ ትነዳለች።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስረዘምሁት ነበር። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት አገራችን ከገቡት ያገለገሉ መኪኖች መካከል፣ በጃፓን ለግራ መንገድ ተሠርተው መሪያቸው በዱባይ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ አሉ። መሪው ሲዛወር መብራቱ ሳይዛወር ከቀረ፣ ያ መኪና የሚሄደው በግንቦት 1956 ዓ.ም. ብርሃን ነው። ባለንብረቱ «መብራቱ ደካማ ነው፣ ጠንካራ አምፖል ግጠምልኝ» ብሎ ይመጣል። ጠንካራው አምፖል ግን የሚመጣውን ሾፌር የበለጠ ከማሳወር በቀር የቀኙን ጠርዝ አያበራም። መድኃኒቱ ለቀኝ መንገድ የተሠራ ሙሉ መብራት መግጠም ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ለገጠር ባለሙያ የተመቸው ዘመን፣ የብዙ መኪኖች መብራት አንድ ልክ የነበረበት ዘመን ነው። ከ1940 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካኖች መስተዋቱ፣ ሳህኑና ክሩ አንድ ላይ የታሸገ መብራት በሕግ ደነገጉ፤ ስፋቱም 178 ሚሊ ሜትር ሆኖ ክብ ነበር። ይኸው ልክ በላንድሮቨሩ፣ በላንድክሩዘሩና በላዳው ላይ ተገኘ። አንድ መብራት በመደርደሪያው ላይ ያለው ጋራዥ ብዙ ዓይነት መኪና ለማዳን ይችል ነበር። የጎንደርና የባሕር ዳር መንገድ ለረጅም ዘመን ጠጠር ስለ ነበረ፣ ከፊት መኪና ጎማ የሚፈናጠር ድንጋይ መስተዋቱን ሲሰብረው የታሸገው መብራት በሙሉ ይጣላል። በብዙ መኪኖች መብራት ፊት የሽቦ ወንፊት ይደረግ የነበረውም ስለዚሁ ነው። የቮልስ ባለንብረቶች ችግር ሌላ ነበር። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የተሠራው ቮልስ በ6 ቮልት የሚሠራ በመሆኑ መብራቱ ቢጫና ደካማ ነበረ። ብዙዎቹም ኋላ ወደ 12 ቮልት ተለውጠዋል። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በኤሌክትሪክ ሙያ ወጣቶችን ማሠልጠን የጀመረውም በዚያው ዘመን ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሃሎጂን ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያው ባለ አንድ ክር፣ በ1971 ደግሞ ኤች ፎር የተባለው ባለ ሁለት ክር አምፖል ወጣ። የኤች ፎር ረጅሙ 60 ዋት፣ አጭሩ 55 ዋት ነው። ያንኑ 178 ሚሊ ሜትር ክብ ሳህን ለኤች ፎር የተሠራ አድርጎ መለወጥ በቂ ስለ ነበረ፣ ከፋብሪካ ውጭ መብራት መግጠም የተለመደ ሥራ የሆነው ከዚህ ጊዜ ወዲህ ነው ለማለት ይቻላል። ስሕተቱም አብሮ መጣ። ባለ 100 ዋት አምፖል ለ55 ዋት በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ሲገጠም ሽቦውና ማብሪያው ይግላሉ፣ ሶኬቱም ይቀልጣል። ብርሃኑም የተጠበቀውን ያህል አይደምቅም። የአምፖል ብርሃን ከቮልቱ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ይወድቃልና፤ በሽቦው ውስጥ 10 በመቶ ቮልት ቢጠፋ ከብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይጠፋል። በአሮጌ መኪና ላይ ከባትሪው በፊውዝና በሪሌ አድርጎ በወፍራም ሽቦ መመገብ፣ አምፖሉ ሳይለወጥ እንኳ መብራቱን አዲስ ያስመስለዋል።

አሁን ወደ ቀን መብራት እንምጣ። ፀሐይ ሳለች መብራት አብርቶ መንዳትን በሕግ ያስጀመሩት የሰሜን አገሮች ናቸው። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1972 ከከተማ ውጭ በክረምት ወራት፣ ስዊድን በ1977 ዓመቱን ሙሉ ደነገጉ። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1 ቀን 1989 ጀምሮ የሚሠሩ አዳዲስ መኪኖች ሁሉ በራሱ የሚበራ የቀን መብራት እንዲኖራቸው አደረገች። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከየካቲት 7 ቀን 2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለሚወጡ አዳዲስ የቤት መኪና ዓይነቶች ግዴታ አደረገው። የቀን መብራት ዓላማው ለሾፌሩ መንገድ ማሳየት ሳይሆን መኪናውን ለሌላው ማሳየት ነው። ስለዚህም ኃይሉ የተወሰነ ነው፤ በአውሮፓው ደንብ ከ400 እስከ 1200 ካንዴላ ሲሆን፣ በአሜሪካ ግን ረጅሙን መብራት አደብዝዞ በቀን ማብራት እስከ 7000 ካንዴላ ድረስ ይፈቀዳል። ይህ ልዩነት ለባለሙያው ቀላል ነገር አይደለም። መኪናው ለየትኛው አገር እንደ ተሠራ ካልታወቀ ሽቦው ምን እንደ ተሸከመ አይታወቅምና።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ያለውም እዚህ ላይ ነው። የቀን መብራት የሚበራባቸው መንገዶች የተለያዩ ናቸው። አንዳንዱ መኪና ለብቻው የተሠራ ትንሽ መብራት አለው፤ አንዳንዱ አጭሩን መብራት በሙሉ ኃይል ያበራል። ለሰሜን አሜሪካ ገበያ በተሠሩት፣ ከዚያ የተመለሱ ወገኖች ይዘዋቸው በመጡት መኪኖች ላይ ደግሞ፣ የሁለቱ ረጃጅም መብራቶች ክሮች በተከታታይ ተያይዘው እያንዳንዱ ግማሽ ቮልት ብቻ የሚያገኝበት፣ ወይም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየበራና እየጠፋ የሚደበዝዝበት ዘዴ ይገኛል። የሃሎጂን ክር ይህን ይታገሣል፤ ግማሽ ኃይል ሲሰጡት ግማሽ ይግላል፣ ደብዝዞም ያበራል። በሃሎጂኑ ምትክ ዜኖን ሲገጠም ግን ነገሩ ይለወጣል። የዜኖን ባላስት መብራቱን ለማስነሣት ከ20 ሺህ በላይ ቮልት ይፈጥራል፤ ግማሽ ቮልት ሲደርሰው ለማስነሣት ይሞክራል፣ ያቅተዋል፣ እንደገና ይሞክራል፤ በዚህም ራሱን ይጨርሳል። ኤልኢዲ አምፖልም በሚቆራረጠው ኤሌክትሪክ ይንቀጠቀጣል።

ይህን ለማዳን ሪሌ የሚጨምር ባለሙያ መልካም አስቧል፤ ነገር ግን የሪሌው ማስነሻ ሽቦ ከዚያው ከሚቆራረጠው መስመር ከተወሰደ፣ ሪሌው እየተንጫጫ ጥቂት ቆይቶ ይቃጠላል። ትክክለኛው አሠራር የቀን መብራቱን ሥራ ከሚለወጠው መብራት መለየት ነው። አዲሱ መብራት በባትሪው አጠገብ ፊውዝ ባለው መስመር ይመገባል፤ ማስነሻውም የሌሊቱ መብራት ማብሪያ ሲበራ ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ ሽቦ ይወሰዳል። ለቀን መብራት ደግሞ የራሱ አነስተኛ መብራት ተገጥሞ፣ የሌሊቱ ሲበራ እንዲጠፋ ይደረጋል።

በአገራችን በብዛት በሚገኙት በቶዮታ ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ላይ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በብዙዎቹ ረጅምና አጭሩ የሚለዩት በፖዘቲቩ ሳይሆን በኔጋቲቩ ወገን ነው። የአውሮፓን አሠራር የለመደ እጅ ሳይለካ ከገጠመ፣ ረጅምና አጭሩ ይዘበራረቃሉ። በኮምፒውተር በሚተዳደሩት አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ኤልኢዲው የሚስበው ኤሌክትሪክ ጥቂት ስለ ሆነ መኪናው አምፖሉ የተቃጠለ ይመስለዋል። ብዙዎች ይህን ለማታለል ሬዚስተር ይጨምራሉ። ሬዚስተሩ የተረፈውን ኃይል ወደ ሙቀት የሚለውጥ በመሆኑ፣ በፕላስቲክ ላይ ሳይሆን በብረት አካል ላይ ካልታሰረ ያቀልጣል።

እነዚህ ችግሮች የሰለቿቸው ሰዎች የቀን መብራቱን ሽቦ ቆርጠው ይገላገሉታል። ምክንያታቸውም የሚናቅ አይደለም፤ ፀሐይ በሞላበት አገር መኪና በቀን መብራት ምን ያደርግለታል ይላሉ። የሕዝቡ ልማድም ያግዛቸዋል። በገጠር መንገድ ላይ በቀን መብራት አብርቶ የሚያልፍ ሾፌር፣ እግረኛውም እረኛውም እጁን እየጨበጠና እየዘረጋ «መብራትህ በርቷል» ሲለው ይውላል። ይህ ደግነት ነው፤ ባትሪው እንዳያልቅበት ማሰብ ነው። ለፊንላንድ ክረምት የታሰበውን ጥቅም እንዳለ ወደ ጣና ዳር እናምጣው አልልም። ይሁን እንጂ በክረምት ዝናብ፣ በበጋ አቧራ፣ መንገዱም በባሕር ዛፍ ጥላ ውስጥ በሚያልፍበት ስፍራ፣ ከጥላው የሚወጣ ጥቁር መኪና ለሕፃን ዓይን ቶሎ አይታይም። ስለዚህ ለመግጠም እንዲመች ተብሎ የቀን መብራቱን መቁረጥ ለእኔ ትክክለኛ የሙያ ሥራ ሆኖ አይታየኝም።

የቀን መብራት የራሱ አደጋም አለው፤ ይህንንም ለባለንብረቱ መንገር የባለሙያው ድርሻ ነው። በእኛ ኬክሮስ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ወጋገን ከ25 ደቂቃ አይበልጥም፤ ጨለማው በድንገት ይወድቃል። ሾፌሩ ከፊቱ ብርሃን ስለሚያይ መብራቱን ያበራ ይመስለዋል። ዳሽቦርዱም በብዙ መኪና ላይ ሁልጊዜ የበራ ነው። በብዙ መኪኖች ግን የቀን መብራት ሲበራ የኋላው መብራት አይበራም። ከገበያ በሚመለስ ሰውና ከብት በተሞላ መንገድ ላይ፣ ከኋላ የሚመጣው ካሚዮን ከፊቱ ያለውን መኪና ሳያየው ይደርስበታል።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት በብዛት መጥተዋል። በእነዚህ መኪኖች የቀን መብራቱም፣ አጭሩም፣ ረጅሙም በአንድ የታሸገ ኤልኢዲ ውስጥ ናቸው፤ የሚለወጥ አምፖል የላቸውም። በአንድ በኩል ወደ 1940ው የታሸገ መብራት ተመልሰናል፤ ነገር ግን ያኛው አንድ ልክ ሆኖ ለሁሉ ሲሆን፣ ይኸኛው ለአንድ ሞዴል ብቻ ነው፣ ዋጋውም የትየለሌ ነው። መስተዋቱም ብርጭቆ መሆኑ ቀርቶ ፕላስቲክ ስለ ሆነ፣ በደጋው ኃይለኛ ፀሐይ እየቆየ ይደፈርሳል።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መኪና በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። ለቦሎ የሚቀርብ መኪና መብራት መብራቱን ማረጋገጥ ቀላል ነው፤ ወዴት እንደሚያበራ ማረጋገጥ ግን ጊዜ ይፈልጋል። መሣሪያ የሌለው ጋራዥ እንኳ በደልዳላ መሬት ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቆ ሊለካው ይችላል፤ የአጭሩ መብራት መስመር ከአምፖሉ ከፍታ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መውደቅ አለበት። ከኋላ ጭነት ወይም ሰው የሚበዛበት መኪና ሲለካ ባዶውን መሆን የለበትም፤ ጭነቱ የኋላውን ሲያወርደው የፊቱ ብርሃን ወደ ሰው ዓይን ይነሣልና። አምፖሉ ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለና በዚህ ልክ የተስተካከለ መኪና፣ አጭሩ መብራቱ መንገዱን የሚነካው በ70 ሜትር ርቀት ላይ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሾፌር ይህን ርቀት የሚጨርሰው በ3 ሰከንድ ገደማ ነው። በእንፍራንዝ መግቢያ፣ ከብቶቹን ነድቶ በቀኙ ጠርዝ የሚሄደው ገበሬ በሾፌሩ ዓይን የሚታየው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ያውም መብራቱ ለቀኝ መንገድ የተሠራ ከሆነ።